ትሬቫስኪስ፦ ኤርትራ ላይ ያየውን ኤደን ላይ ያላየው

አንድ የቆየ የኤርትራ ታሪክ መጽሐፍ መጨረሻ ገጽ ላይ ያነበብኩት ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል። ጸሐፊው ኬኔዲ ትሬቫስኪስ የተባለ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት አስተዳዳሪ ነው፤ መጽሐፉ የታተመው በ1960 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የሚለው በአጭሩ ይህ ነው፦ ኢትዮጵያ ኤርትራን ጠቅልላ በእጇ ለማስገባት መፈተኗ አይቀርም፤ ለፈተናው ከተሸነፈች ግን ኤርትራውያን ያኮርፋሉ፣ ውሎ አድሮም ያምፃሉ፣ የውጭ ድጋፍ ሲታከልበት ደግሞ መዘዙ ለራሷ ለኢትዮጵያም ይተርፋል። መጽሐፉ በወጣ በዓመቱ ሐሚድ ኢድሪስ አዋቴ የመጀመሪያዋን ጥይት ተኮሰ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ለአማርኛ አንባቢ መዘርዘር አያሻም።

የሚከነክነኝ ትንቢቱ መድረሱ አይደለም። ሰውየው ይህን ያሳተመው ምን ሥራ ላይ ሆኖ ነው የሚለው ነው። በዚያ ሰሞን ከቀይ ባሕር ማዶ፣ ከኤደን ጀርባ ባሉት ተራሮች፣ ሱልጣንና ሼክ እያግባባ ሌላ ፌዴሬሽን በማቆም ላይ ነበር። ያ ፌዴሬሽን ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላው ፈረሰ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ተረቱም ልክ ይሆናል። ግን የሌላውን ድስት ከዚያ ርቀት አሽትቶ ያወቀ አፍንጫ የራሱን ለምን ሳያሸት ቀረ? ይህን ለመመለስ የሥራ ዘመኑን ከመነሻው መከተል ግድ ነው።

ባላደራው

ትሬቫስኪስ በ1915 ተወለደ፤ ካምብሪጅ ተምሮ በ1938 ሰሜን ሮዴዥያ፣ የዛሬዋ ዛምቢያ፣ በጀማሪ ሹምነት ተመደበ። ሰላም ቢሆን ኖሮ መንገዱ የታወቀ ነበር፦ ጀማሪ፣ የወረዳ ሹም፣ የወረዳ ኮሚሽነር፣ ዕድል ከቀናው የክፍለ ሀገር ኮሚሽነር፣ ከዚያ ጡረታ። ጦርነቱ ይህን ሁሉ አተራመሰው። ከሰሜን ሮዴዥያ ክፍለ ጦር ጋር ወደ እንግሊዝ ሶማሌላንድ ዘመተ፤ ኦገስት 1940 ቱግ አርጋን ላይ በተደረገው ውጊያ ጣልያኖች ማረኩት። በ1941 የእንግሊዝ ጦር ኤርትራን ሲይዝ ነፃ ወጣና እዚያው በአስተዳደር ሥራ ቀረ። እስከ 1950 ድረስ።

ኤርትራ ለእንግሊዝ ቅኝ ግዛት አልነበረችም፤ በጦርነት የተያዘች የጠላት ግዛት ነበረች። ልዩነቱ የወረቀት ብቻ አይደለም። የ1907ቱ የሄግ ስምምነት ያዡ ኃይል የአገሩን ነባር ሕግ፣ ፈጽሞ ካላቃተው በቀር፣ እንዲያከብር ያስገድዳል። ስለዚህ የጣልያን ሕግ እንደጸና፣ የጣልያን ዳኛና ጸሐፊ ከወንበሩ ሳይነሳ፣ ከላይ ጥቂት የእንግሊዝ መኮንኖች ተቀመጡ። ሥራቸው ጠብቆ ማቆየት ነው። አራቱ ኃያላን ወይም የተባበሩት መንግሥታት ዕጣዋን እስኪቆርጡ ድረስ ባላደራ ናቸው። (ባላደራው የምጽዋንና የአስመራን ንብረት እንዴት እንደጠበቀ፣ የገመድ ማመላለሻው የት እንደደረሰ፣ ሌላ ጊዜ እንነጋገርበታለን።)

ትሬቫስኪስ ትልቁን ትምህርቱን የቀሰመው በምዕራቡ ቆላ ይመስለኛል። በዚያ የትግሬ ጭሰኞች (የቆላው ትግረ ተናጋሪዎች እንጂ የትግራይ ሰዎች አይደሉም) ሹማግሌ ለሚባሉት ባላባቶቻቸው ወተት፣ ከብትና ሌላም ግብር ይገብሩ ነበር። በ1940ዎቹ መጀመሪያ አንገብርም አሉ። አስተዳደሩ በሁለት ሳንቃ መካከል ገባ፦ ነባሩን ሥርዓት ጠብቅ ተብሏል፤ የመንግሥት ግብር የሚሰበሰበው ደግሞ በእነዚያው ባላባቶች እጅ ነው። ጭሰኛው ለባላባቱ ወተት ሲከለክል፣ ለመንግሥት የሚከፍለው ግብርም አብሮ ቆመ። መጀመሪያ ባላባቶቹ አንዳንድ መብታቸውን በፈቃዳቸው እንዲተዉ ተሞከረ፤ አልሠራም። ምክንያቱም ጥያቄው የወተቱ መጠን አልነበረም፤ ገንዘቡና ቃሉ በማን በኩል ይለፍ የሚል ነበር። በመጨረሻ ትሬቫስኪስ የተሳተፈበት ዕቅድ መጣ፦ ቤተሰቦችን በዘር ሐረጋቸው ለይቶ መመዝገብ፣ እያንዳንዱ ወገን የራሱን አለቃ እንዲመርጥ ማድረግ፣ ወገኖችን በአዲስ ነገድ ማሰባሰብ፣ ግብሩ ከእንግዲህ በአዲሱ አለቃ በኩል እንዲገባ ማድረግ። ሥራው በ1949 አካባቢ በአብዛኛው አልቆ ነበር።

ያቺን ዕቅድ ላስተዋለ ሰው ሚስጥሩ ወለል ብሎ ይታያል። በቆላው ገዥ ማለት በማዕረግ የተጠራው አይደለም፤ ገንዘቡ በእጁ የሚያልፈው ነው። መስመሩን ካዞርከው ሥልጣኑም አብሮ ይዞራል። ኋላ ኤደን ላይ የሆነውን ሳነብ ደጋግሜ የምመለሰው ወደዚህ ነው።

ጠመንጃ፣ ጠገራ ብርና ውል

በ1951 ኤደን ገባ፤ የምዕራቡ የጥበቃ ግዛት የፖለቲካ መኮንን ሆነ፤ ከ1954 ጀምሮ እስከ 1963 የግዛቱ ዋና ሹም እሱ ነው። የኤደን ወደብ ሌላ፣ የጥበቃ ግዛቱ ሌላ ነው። ወደቡን እንግሊዞች ከ1839 ጀምሮ ይዘውታል፤ እስከ 1937 በሕንድ በኩል ተገዛ፣ ከዚያ የዘውዱ ቅኝ ግዛት ሆነ። የእኛ ቡናና ቆዳ ነጋዴዎች የሚያውቁት የቤስ ኩባንያ ዋና ቤቱ እዚያ ነበር። ከወደቡ ጀርባ ያለው ተራራና በረሃ ግን አልተገዛም፤ በውል ታስሮ ነው የቆየው።

የውሉ አሠራር ደረጃ በደረጃ ነው። የመጀመሪያው ውል የጥበቃ ውል ይባላል፦ ሱልጣኑ ያለ እንግሊዝ ፈቃድ ከሌላ መንግሥት ጋር እንዳይዋዋል፣ መሬት እንዳይሸጥ፣ በለውጡ ድጎማ፣ ጠመንጃና ጥይት ያገኛል። ድጎማው ለረጅም ዘመን የተከፈለው እኛም በምናውቀው በማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ነበር። ሁለተኛው የምክር ውል ነው። ሃሮልድ ኢንግራምስ የተባለ የእንግሊዝ ሹም በ1937 ከሙከላው ሱልጣን ጋር ያደረገው ለሌሎቹ አርአያ ሆነ፦ ሱልጣኑ የእንግሊዝ አማካሪ ይቀበላል፣ ከሃይማኖትና ከሃይማኖታዊ ልማድ በቀር በሁሉም ነገር ምክሩን ይሰማል። ምክር ተባለ እንጂ ትእዛዝ ነው። ከዚያ ግምጃ ቤት፣ ምክር ቤትና የጥበቃ ዘብ ይከተላሉ፤ የሁሉም ደመወዝ ምንጭ አንድ ነው።

ምክሩን ያልሰማ ምን ይገጥመዋል? መጀመሪያ ድጎማው ይቋረጣል። ከዚያ አልጋውን የሚመኝ የአጎት ልጅ ይፈለጋል፤ በዚያ አገር ደግሞ እንዲህ ያለ ዘመድ አይጠፋም። ጎሳው ካመፀ አውሮፕላን ይመጣል። የኤደን መከላከያ ከ1928 ጀምሮ በአየር ኃይሉ እጅ ነበር፤ ሥርዓቱም የታወቀ ነው፦ ወረቀት ይበተናል፣ ቀነ ገደብ ይነገራል፣ ሰው ከቤቱ እንዲወጣ ይጠበቃል፣ ቤቱ ይደበደባል። ነፍስ ሳያጠፉ ንብረት በማጥፋት ማስገበር ነው ሐሳቡ። ርካሽ ነው፤ ለዚህም ወደዱት። ችግሩ ሰዉ ወደ ዋሻው ገብቶ አውሮፕላኑ እስኪሄድ መጠበቁ ነው። ቂሙ ግን ይጠራቀማል። በ1950ዎቹ ደግሞ የካይሮ ራዲዮ በየቡና ቤቱ ሲገባ፣ በአንድ ሸለቆ የፈረሰ ቤት በማግስቱ የዓረብ ሁሉ ወሬ ሆነ።

ትሬቫስኪስ ይህን ድካም ያየው ገና ሲደርስ ነው። በደርዘን የሚቆጠሩ ትንንሽ ግዛቶችን አንድ በአንድ በድጎማ መያዝ አያዛልቅም፤ አንዱን ስታባብል ሌላው ከሰሜን የመኑ ገዥ ከኢማሙ ጠመንጃ ይቀበላል። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል የሚለውን ተረት የዚያ አገር ሼኮች በአማርኛ ባይሰሙትም በሥራ አሳምረው ያውቁታል። መድኃኒቱ ፌዴሬሽን ነው አለ። በ1954 ሐሳቡ ለገዥዎቹ ሲቀርብላቸው ፊት ነሱት። በ1958 ግን ኢማሙ ከግብፁ መሪ ከናስር ጋር በኅብረት ሲተሳሰር ደነገጡና ራሳቸው ጠየቁ። ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1959 ስድስት ግዛቶች ፈረሙ፦ ቤይሃን፣ አውዳሊ፣ ፈድሊ፣ ዳሊዕ፣ የታችኛው ያፊዕና የላይኛው አውላቂ ሼክነት። ላሕጅ በዚያው ዓመት ተከተለች።

የበላይ ምክር ቤቱ ሊቀ መንበርነት በየወሩ ይዞር ነበር፤ ማንም ከማንም እንዳይበልጥ። ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ አዘንኩ። የኤርትራው ፌዴሬሽን አንዱ ችግር የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ራሱ የፌዴራሉ መንግሥት መሆኑ ነበር፤ ከአዲስ አበባ በላይ ዳኛ የለም። የኤደኑ ችግር በተቃራኒው ነው፦ ማንም የበላይ አልነበረም። የበላይ የነበረው ወንበሩ ላይ ያልተቀመጠው እንግሊዛዊ ነው፣ ማለትም በጀቱን የሚዘጋው።

የዳሊዕ መንገድ ኬላ

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሰው ስለ ኤደን መውደቅ ሲያወራ የሚጀምረው ከወደቡ ነው፤ ከሠራተኛ ማኅበራቱ፣ ከናስር፣ በሰሜን የመን ዋና ከተማ በሰነዓ ከፈነዳው አብዮት። እውነት ነው፣ ሴፕቴምበር 1962 የኤደን ሕግ አውጪ ምክር ቤት ከተማዋ ፌዴሬሽኑን እንድትቀላቀል ድምፅ ሰጠ፤ ውጪ ረብሻ ነበር፤ ወዲያውም ሰነዓ ላይ ኢማሙ ተገለበጡ። የሰነዓው ግልበጣ አንድ ቀን ቢቀድም ውህደቱ አይሆንም ነበር ብለው ያሰቡ በእንግሊዞቹም ዘንድ ነበሩ። ከተሜው ለተራራ ሼኮች ተላልፎ ተሰጠሁ አለ። ለኔ ግን ስንጥቁ ጎልቶ የሚታየው ከከተማ ውጭ፣ ከኤደን ወደ ዳሊዕ በሚወጣው አንድ መንገድ ላይ ነው።

መንገዱ ከራድፋን ተራሮች ሥር ያልፋል። የራድፋን ጎሳዎች፣ በተለይ ቁጠይቢዎች፣ ከጥንት ጀምሮ በዚያ ከሚያልፍ ቅፍለት ኬላ ያስከፍሉ ነበር። መሬታቸው ቀጭን ነው፤ ዝናቡ አይታመንም፤ ኬላው የወግ ነገር ሳይሆን የዓመት ቀለብ ነው። በወረቀት ላይ ራድፋን የዳሊዕ አሚር ግዛት ናት፤ ራድፋኖች ግን አሚሩን አለቃችን ብለው አያውቁም።

ፌዴሬሽን ሲቆም የመጀመሪያ ሥራው ጉምሩክን አንድ ማድረግ ነው። ትክክልም ነው። በየሸለቆው ቀረጥ እየተከፈለ ንግድም መንግሥትም አይኖርም። ስለዚህ በየመንገዱ የሚሰበሰበው ኬላ ቀረ፤ ቀረጡን ፌዴራሉ ይሰበስባል፣ ድርሻው ለግዛቶቹ ይሄዳል። ለየትኛው ግዛት? ለዳሊዕ። በማን እጅ? በአሚሩ። እንግዲህ ከራድፋን ሆነህ እየው፦ ትናንት በእጅህ ይገባ የነበረው ገንዘብ ዛሬ አለቃዬ ነው በማትለው ሰው ደጅ ቆመህ የምትለምነው ሆነ። ቆላው ላይ ጭሰኛውን ከባላባቱ የነጠለው ብልሃት፣ እዚህ ነፃውን ጎሳ ከባላባት ሥር አስገባው። መስመሩን ያዞረው ያው ሰው ነው። የተገላቢጦሽ አዞረው።

ራድፋኖች ለምን አመፁ ሲባል የካይሮ ራዲዮና የግብፅ ጠመንጃ ይጠቀሳል። ጠመንጃው ከሰሜን መጥቷል፣ አይካድም። ብዙ ራድፋኖች ለየመን ሪፐብሊክ ተዋግተው ተመልሰዋል፤ ከነሱ አንዱ ራጂሕ ጋሊብ ላቡዛ ነበር። ከነመሣሪያቸው ሲመለሱ አስረክቡ ተባሉ፤ እምቢ አሉ፤ ኦክቶበር 14 ቀን 1963 በተደረገው ውጊያ ላቡዛ ሞተ። ደቡብ የመን እስከ ዛሬ አብዮቱን ከዚያ ቀን ጀምሮ ይቆጥራል። ግን ጠመንጃ ለሁሉም ጎሳ ይደርስ ነበር፤ መጀመሪያ የተኮሰው ኬላው የተወሰደበት ነው።

ትሬቫስኪስ በዚያው ዓመት ከፍተኛ ኮሚሽነር ሆኖ ነበር፤ የሥራ ዘመኑ ጫፍ። ዲሴምበር 10 ለንደን ላይ ለሚደረግ ድርድር ከፌዴራል ሚኒስትሮች ጋር ሊሳፈር ኤደን አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርስ ቦምብ ተወረወረበት። እሱ ተረፈ። ረዳቱ ጆርጅ ሄንደርሰን ቆስሎ ሞተ፣ አንዲት ሕንዳዊት ሴትም ሞተች፣ ከ50 በላይ ሰዎች ቆሰሉ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ።

ጃንዋሪ 1964 የፌዴሬሽኑ ሠራዊት ሦስት ሻለቆች ራድፋን ዘመቱ። ከጦር አንፃር ሰመረላቸው፤ ተራራ ወጡ፣ መንገድ ቀደዱ። ከዚያ ለድንበር ጥበቃ ስለተፈለጉ ተመለሱ። እዚህ ላይ ነው ስሌቱ የተዛባው፦ የያዝከውን ተራራ ለመጠበቅ ዘብ ያስፈልጋል፣ ዘቡ ከሌላ ግንባር ይመጣል፣ ሌላው ግንባር ይላላል። ጦሩ ሲወርድ ጎሳዎቹ አባረርናቸው አሉ፤ ካይሮና ሰነዓ አስተጋቡ። በጸደይ የእንግሊዝ ብርጌድ ራሱ ዘመተና እስከ ጁን ቁልፍ የሆኑትን ጫፎች ያዘ። መንደር ተለቀቀ፣ እህል ጠፋ። በዚያው ማርች ቤይሃን ላይ ለደረሰ የአየር ጥቃት አጸፋ ብለው የመን ውስጥ የሐሪብን ምሽግ ደበደቡ፤ የጸጥታው ምክር ቤት ኤፕሪል ላይ አወገዛቸው። ለአንድ ኬላ የተከፈለ ዋጋ ነው። አጋነንክ ሊለኝ የሚችል አለ፤ ኬላው ብቻ ነው አላልኩም። ክብሪቱ ግን እሱ ነበር።

የኛውም ፌዴሬሽን ከባንዲራው አስቀድሞ የተጨቃጨቀው በጉምሩክ ነበር። በፌዴራል ሕጉ መሠረት ለኤርትራ የሚገባና ከኤርትራ የሚወጣ ዕቃ ቀረጥ ለኤርትራ ይሰጣል፤ የሚሰበስበው ግን አዲስ አበባ ነው። ስንት ተሰበሰበ፣ ስንቱ ደረሰ የሚለው ክርክር ሳይቋጭ ፌዴሬሽኑ አለቀ።

ባላደራ ሲያይ፣ ግንበኛ ሲጨፈን

እንግዲህ ለምን አላየውም? የኔ ግምት ይህ ነው። ኤርትራ ላይ ምንም የሚከላከለው አልነበረውም። እንግሊዝ ትወጣለች፣ እሱም ይሄዳል፤ ፌዴሬሽኑ ሲቆም እንኳ አልነበረም። ኤደን ላይ ግን ፌዴሬሽኑ የራሱ የሥራ ታሪክ ነው፤ ከፖለቲካ መኮንንነት ወደ ከፍተኛ ኮሚሽነርነት ያወጣው መሰላል። ከመሰላል ላይ ሆኖ መሰላሉን መመርመር አይመችም።

ለእሱ የሚባልለትም አለ። ፌዴሬሽኑ ያለ ነፃነት አይጸናም፣ ሉዓላዊነቱን ቶሎ እንስጣቸው ብሎ ለንደንን ወትውቷል። ጁላይ 1964 ለንደን ላይ ነፃነት እስከ 1968 እንዲሰጥ፣ ጦር ሰፈሩም እንዲቆይ ስምምነት ተደረሰ። እዚያው ድርድር ላይ የነበረው የፈድሊው ሱልጣን ግን ሁለተኛውን ባላ መርጦ ካይሮ ገባ። ኦክቶበር ላይ ሌበር ፓርቲ ሥልጣን ያዘ፤ አዲሱ የቅኝ ግዛት ሚኒስትር አንቶኒ ግሪንውድ ትሬቫስኪስን አነሳው። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር።

እንዲህ የሚነሱ ሰዎች ቁጥር በዚያ ዘመን ብዙ ነው። የቅኝ ግዛት አገልግሎቱ በ1954 ስሙን ቀይሮ የባሕር ማዶ ሲቪል ሰርቪስ ተብሎ ነበር፤ ሥራቸው ካለ ዕድሜው ለሚያልቅባቸው ካሣ በሠንጠረዥ ይሰላል፣ በዕድሜና በደመወዝ። ጣሪያው አርባዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው፦ ወጣቱ ሌላ ሥራ ያገኛል፣ ሽማግሌው ለጡረታ ደርሷል፣ መካከል ያለው ነው ሁሉን የሚያጣው። ግዛት ለማስረከብ የተዘጋጀው ሠንጠረዥ ከማንኛውም ሕገ መንግሥት የተሻለ የታሰበበት ነው ብል ሐሜት አይሆንብኝም።

ተተኪው ሪቻርድ ተርንቡል ታንጋኒካን ያለ ደም ለኔሬሬ ያስረከበ ሰው ነው። ያ ሙያው ኤደን ላይ አልበጀውም። ዳሬሰላም ላይ አንድ ፓርቲና አንድ መሪ ነበሩ፤ ኤደን ላይ ሁለት ግንባሮች እርስ በርስ እየተገዳደሉ የሚረከበውን ሰው መለየት አልተቻለም። ፌብሩዋሪ 1966 ለንደን ጦር ሰፈሩንም የመከላከያ ውሉንም እንደምትተው ስታስታውቅ፣ የፌዴሬሽኑ ገዥዎች የተደገፉበት ምሰሶ ተነቀለ። በ1967 ተርንቡልም ተነስቶ ዲፕሎማቱ ሃምፍሪ ትሬቬልያን መጣ። ጁን 20 የፌዴራሉ ሠራዊትና ፖሊስ አመፁ፤ የድሮው ከተማ ክሬተር ለሁለት ሳምንት ያህል ከእንግሊዝ እጅ ወጣች። በመጸው ሱልጣኖቹ አንድ በአንድ ወደቁ፤ ኖቬምበር ላይ ሠራዊቱ ወደ ብሔራዊ ነፃ አውጪ ግንባር ዞረ። ለምን እንደዞረ መገመት አይከብድም፦ ወታደሮቹ የሱልጣኖቹ ልጆች ሳይሆኑ የየጎሳው ልጆች ናቸው፤ ደመወዛቸውን ከእንግዲህ ማን እንደሚከፍል ደግሞ በገሃድ ይታይ ነበር።

ትሬቫስኪስ በ1968 ስለ ኤደን ሌላ መጽሐፍ አሳተመ፤ ጥፋቱን በአመዛኙ የሚጥለው ለንደን ላይ ነው። ግማሹ ልክ ነው ብዬ እቀበላለሁ፤ የተነቀለው ምሰሶ ተነቅሏል። ያቺ የ1960ዋ የመጨረሻ ገጽ ዓይነት ግን እዚያ የለችም። በ1990 ሞተ።

ኖቬምበር 1967 ጄኔቫ ላይ ርክክቡ ሲደራደር የግንባሩ መሪ ቀሕጣን አሽ-ሻዕቢ ዋና ጭንቀቱ ገንዘብ ነበር። የስዊዝ ቦይ ከጁኑ የዓረብና የእስራኤል ጦርነት ወዲህ ተዘግቷል፣ መርከብ ኤደንን ትቷል፣ የወደቡ ገቢ ደርቋል። እንግሊዞቹ ለስድስት ወር 12 ሚሊዮን ፓውንድ ፈቀዱ፤ የቀረው በኋላ እንዲታይ ተባለ። ኖቬምበር 30 አዲሱ መንግሥት ሥራ ሲጀምር ከፌዴሬሽኑ የወረሰውን ሠራዊት ደመወዝ መክፈል የጀመረው በዚያው በእንግሊዝ ገንዘብ ነው።